የሣሩን ባለቤት ሲጣሩ
አያቴን በሕይወት ሳሉም አንዴ አጥቻቸዋለሁ።

ከጨፋ ሮቢት ሊጠይቁኝ መጥተው፣ አዲስ አበባ ያለው ሰፊ የደን መናፈሻ ወሰድኳቸው። ውሃ ልገዛ ዞር ስል ከጎኔ ጠፉ። መኪና ገጭቷቸው ይሆን? ገደል ገብተው ይሆን? ከዛፍ ዛፍ እየሮጥኩ ተጣራሁ።

ያገኘኋቸው ሣሩ ዳር ነው፤ ከዘራቸውን ተደግፈው «አሰላሙ አለይኩም! ባለቤቶች!» ይላሉ።

«አባባ፣ የመንግሥት ነው እኮ፤ ይግቡ!»

«ሳላስፈቅድ የሰው ሣር ረግጬ አላውቅም።»

ጥበቃው ሲመጣ ሊቆጣቸው ነው ብዬ ተሸማቀቅኩ። እሱ ግን «ወአለይኩሙ ሰላም፤ ይግቡ አባቴ» አላቸው። ያኔ ገቡ።

ባለፈው አርፈው ለሰደቃቸው ጨፋ ወረድኩ። የአጥራቸው በር ላይ ቆሜ እንደሳቸው ተጣራሁ። ለዱዓ የተሰበሰበው ሰው ሁሉ «ግቢ፣ ግቢ» አለኝ።

ባለቤቱ ግን አልመለሱልኝም፤ እግሬ እምቢ አለ።