ለአራሷ የመጣው ሰፈር

ልጆቹ «እማማ፣ እናታችን የታመመችበትን ቀን ይንገሩን» ብለው ያዙኝ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ እኔ አወራለሁ፣ ትልቋ የልጅ ልጄ ትጽፋለች።

የምንኖረው ፒያሳ፣ ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ ባለ ግቢ ነው። መግቢያው ጠባብ ነው፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። እኔ ደግሞ እግሬ አያርፍም። ስልክ በየኪሱ ባልገባበት ዘመን ማን ወለደች፣ ማን ታመመ፣ አምስት ኪሎ ድረስ በእግሬ የማደርሰው እኔ ነበርኩ።

ልጄ አራስ ሳለች አንድ ጠዋት ያንቀጠቅጣት ጀመር። ግንባሯ እሳት፣ እግሯ በረዶ። «ደጅ ብቅ ብላ ምች መቷት ነው» አልን ሁላችንም። ዳማከሴ ፍለጋ ወጣሁ። ለአንዷ ጎረቤት ነገርኩ፤ እሷ ለሌላዋ። ከቅጠሉ ጋር ሰፈሩ በሙሉ መጣ። አንዷ ታሻለች፣ አንዷ ጋቢ ትደርባለች፣ ሌላው መስኮት ይዘጋል። ስለሚወዷት ነው። ቤቱ ግን መተንፈሻ አጣ።

የወሎዋ ጎረቤቴ በሰው መሃል ተሽሎክሉካ ገባች። ልጄ ቀና ብላ አየቻትና «አያቴ፣ መቼ መጡ?» አለቻት። እናቴ ከሞተች ቆይታለች።

ጎረቤቴ ደነገጠች። «እትዬ፣ ይሄስ ምች አይደለም። ታክሲ ይጠራ!»

ታክሲው መጣ፤ መግቢያው ግን በሰው ታጭቋል።

«ወላሂ፣ ሠርግ ነው እንዴ? በፍቅር ልትገድሏት ነው! ግድግዳ ተጠጉ!» ብላ ጮኸች ጎረቤቴ።

ሰፈሩ በሙሉ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። በጋቢ ተሸክመን አወጣናት።

ሐኪሞቹ «ከማህፀኗ የተነሳ ኢንፌክሽን ደሟ ውስጥ ገብቷል፤ ደግ አደረጋችሁ መጣችሁ» አሉ። መድኃኒቱ በደም ሥሯ ሲገባ ጎረቤቴ ሕፃኗን ታቀፈች፤ እኔ የሐኪም ቤቱን ግቢ ስዞር ሰነበትኩ። አንድ ጠዋት ግን ልጄ ዓይኗን ገልጣ «እማዬ፣ ገንፎ አምጪልኝ፤ ቅቤው ይብዛ» አለችኝ። እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ያቺ ሕፃን አሁን ይህን የምትጽፍልኝ ናት፤ ላቦራቶሪ ውስጥ ደም ትመረምራለች። ሴሎቻችን በዓይን የማይታዩ ትናንሽ ከረጢቶች ወደ ደም እንደሚልኩ የነገረችኝ እሷ ናት። መልእክት ይዘው ከአንዱ ሴል ወደ ሌላው ይዞራሉ አሉ። እንዲህ ያለ ሕመም ሲመጣ አንዳንዶቹ «ድረሱ» እያሉ ግርግሩን ያብሱታል፤ ሰውነትን የሚጎዳው ጀርሙ ብቻ አይደለም፣ ግርግሩም ነው። ሌሎቹ ደግሞ «ረጋ በሉ» የሚል መልእክት ያደርሳሉ። ሰፈሩ ቤታችንን ባጨናነቀበት ጠዋት በልጄ ደም ውስጥም እንደ ጎረቤቴ «ግድግዳ ተጠጉ» እያሉ የሚዞሩ ነበሩ ለካ።