አባታችን የመረጠው ሰዓት

ቤንዚን ሲሸተኝ ደብረ ማርቆስ የነበረው የአባቴ ሱቅ ይመለስብኛል። ዛሬም ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ ሽታው ካፍንጫዬ ሲደርስ፣ ያ ጠባብ ክፍል፣ በቤንዚን የሚታጠቡት ደቃቅ የሰዓት ጥርሶች፣ አንድ ዓይኑ ላይ ማጉያ መነጽር ሰክቶ ያጎነበሰው አባቴ ትውስ ይሉኛል። ሰው እንዲህ ያለውን ነገር በናፍቆት ያወራል፤ እኔ መስኮቱን እከፍታለሁ።

አባቴ እንዳላማው ሰዓት ሠሪ ነበር። በወጣትነቱ ዓባይን ተሻግሮ፣ አዲስ አበባ ከአንድ አርመናዊ ሙያውን ተምሮ፣ ሲመለስ አንድ የስዊስ ሰዓት በእጁ አስሮ መጣ። ስለ ሰዓት ምንም የማያውቅ ሰው እንኳ ስሙን የሚያውቀው ዓይነት ነበር። በአዘቦት ከሣጥኑ አያወጣውም፤ ለበዓልና ለቤተ ክርስቲያን ብቻ ያስረው ነበር፤ እኛ ልጆቹም እንድንነካው አይፈቅድልንም ነበር። ታላቅ እኅቴን ይታይሽን አንድ የጉንደ ወይን ቀኛዝማች ለልጃቸው ሲጠይቁ፣ አባቴ በሽማግሌዎች ፊት ያንን ሰዓት ለሙሽራው እንደሚሰጥ ቃል ገባ። በእኛ አገር የልጅቱ አባት ለሙሽራው የሚሸልመው ነገር በሠርጉ ዕለት ዳስ መሐል ጮክ ተብሎ ስለሚነገር፣ ሰው ሁሉ የሚሰማውን አስቀድሞ ያውቅ ነበር።

ክረምት ሲገባ ሥራ ይቀዘቅዝ ነበር። መንገዱ ጨቅይቶ ከገጠር የሚመጣው ሰው ሲቀር፣ አባቴ በሩን ገርበብ አድርጎ የራሱን ሰዓት መሥራት ጀመረ። ሞላውንና ጥርሶቹን ከሞቱ ሰዓቶች እየለቀመ፣ አካሉን ከነሐስ እየሞረደ፣ ገጹን ከተቀጠቀጠ ማርትሬዛ ብር አውጥቶ፣ ቁጥሮቹን በግዕዝ ቀረጸ፤ ከግርጌው ደግሞ የገዛ ስሙን ጻፈበት። ሰዓቱ ያምር ነበር፤ ይህን አልክድም። መስከረም ጠብቶ እናቴ ለሠርጉ ጌሾና ብቅል ስታሰናዳ፣ ለሙሽራው የሚሰጠው ይህንኑ እንደሆነ ነገራት።

«ቃል ሰጥተውበት የለም እንዴ?» አለችው።

«የስዊሱን ገንዘብ ያለው ሁሉ ሱቅ ገብቶ ያገኘዋል። ይኼንን ግን ከእኔ እጅ በቀር ከየት ያመጣዋል? የሚበልጠውን ነው የምሰጠው።»

«የሚበልጠው ለእርስዎ ነው። ባይሆን አስቀድመው ይንገሯቸው።»

«ሲያዩት ይፈርዳሉ» ብሎ ወደ ሥራው ጎነበሰ። ይታይሽን የጠየቃት አልነበረም።

ጥር ላይ ዳሱ ጢም ብሎ ሞልቶ፣ ሽልማት የሚናገሩት ሽማግሌ ሰዓቱን ከመሐረቡ ፈትተው አገላብጠው አዩት። «ምን ብዬ ልናገረው?» ብለው አባቴን ጠየቁት። «የእጄ ሥራ ነው ይበሉ» አላቸው፣ ደረቱን ነፍቶ። ከሚዜዎቹ አንዱ ሰዓቱን ተቀብሎ ጆሮው ላይ ለጠፈና፣ «እስቲ ዝም በሉ፤ አለች፣ ነፍስ አላት» ሲል ዳሱ ሳቀ። ሌላው ተቀብሎ፣ «ከስንት ሬሳ ተለቅማ ይሆን?» አለ። ቀኛዝማቹ ግን አልሳቁም። «አቶ እንዳላማው፣ ቃልዎንም ከሰዓቱ ጋር ሣጥን ቆለፉበት?» ብለው ጠጃቸውን ሳይጨርሱ አስቀመጡት። እኔ ከይታይሽ እግር ሥር ተቀምጬ ስለነበር፣ ሻሹን ወደ ፊቷ ስባ ስትሸፈን አየሁ። ሙሽራው ሰዓቱን ኪሱ ከተተው እንጂ አላሰረውም።

በዐቢይ ጾም፣ ሰው ባልጠበቃት ቀን፣ ይታይሽ በጭነት መኪና ተሳፍራ ወደ ቤታችን ተመለሰች። አማቷና የባሏ እኅቶች «የስብርባሪ ልጅ» እንጂ በስሟ እንደማይጠሯት ለእናቴ ስትነግራት ሰማሁ። ሳይቆዩ ከባሏ ወገን ሽማግሌዎች መጥተው፣ የስዊሱ ሰዓት ከተሰጣቸው በክብር እንደሚወስዷት፣ ካልተሰጠ ግን ብትመጣም ብትቀርም ለቤቱ አንድ እንደሆነ ተናገሩ። አባቴ ጋቢውን ሰብስቦ ሊሄድ ተነሣ። ይታይሽ ከጓዳ ወጥታ እግሩ ሥር ተንበረከከች።

«አባባ፣ ያኛውን ይስጧቸው። እኔ ስለ ሥራዎ አላውቅም፤ እዚያ ማጀት ውስጥ የምሰማውን ነው የማውቀው።»

«ሰጠሁ ማለት የእጄ ሥራ ስብርባሪ ነው ብዬ በአፌ መሰከርሁ ማለት ነው» አላት። «ይለምዱታል፣ ልጄ።»

ፀንሳ ስለነበር ከሽማግሌዎቹ ኋላ ተከትላ ሄደች። በፋሲካ አባቴ የስዊሱን ሰዓት ከሣጥን አውጥቶ፣ እንደ ወትሮው በእጁ አስሮ፣ ቤተ ክርስቲያን ሳመ። እስከ ሞተበት ዓመት ድረስም እንዲሁ ያደርግ ነበር። ስለ አባቴ ሙያ ያወሩኝ ብዙ ሰዎች ይህችን ነገር አያውቋትም፤ የሚያውቁትም አያነሷትም።

በሚቀጥለው ዓመት ክረምት እናቴ ቅቤ አስይዛ፣ ከአጎቴ ጋር ይታይሽን እንድጠይቅ ላከችኝ። ያየሁትን ሁሉ አልጽፈውም። ሌሎቹ ምራቶች ከምድጃው ዙሪያ ሲቀመጡ እሷ ከበሩ አጠገብ፣ ዝናቡ ከሚገባበት፣ ልጇን አዝላ ቆማ ነበር፤ የበላችውም ሁሉም በልተው ሲነሡ ነው። ስንሰነባበት፣ «ለእማዬ ደህና ናት በያት፤ ለእሱ ምንም አትበይ» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ አባቴ በሕይወት እያለ ቤታችንን አልረገጠችም። ለቀብሩ መጣች፤ አላለቀሰችም። የደብረ ማርቆስ ሰው ለአባቷ ያላለቀሰች ጨካኝ እያለ ዓመት ሙሉ ሲያማት ከረመ፤ አብረው ካሟት መካከል ወንድሞቼም ነበሩ።

ይታይሽ ሞታለች። ባሏ አንድም ቀን ያላሰረውን ሰዓት የልጅ ልጇ ከሣጥን ሥር አግኝቶ፣ አዲስ አበባ አስጠግኖት፣ ባለፈው ጊዜ አስሮት መጣ። የታወቁትን የስዊስ ስሞች ንቀው፣ ለብቻቸው የሚሠሩ፣ ስማቸው ያልታወቀ ሰዎች የሠሩትን ሰዓት የሚፈልጉ ጓደኞች አሉት፤ በስልኩ ያሳየኛል። የቅድመ አያቱን ሰዓት ያዩ ሁሉ እንደሚቀኑበት ነገረኝ።

«እማማ፣ አያቴስ ስለዚህ ሰዓት ምን ትል ነበር?» አለኝ።

«አንድም ቀን አላነሣችውም» አልሁት።

«ጨዋ ነበረች» ብሎ እሱንም ስልኩ ላይ ጻፈው።

ልጁን አልጠላውም። ዛሬ ስም ያለውን ትቶ ስም የሌለውን የሚመርጥ ሰው ለገዛ እጁ ይመርጣል፤ ቢስቁበትም የሚስቁት በእሱው ነው፤ ሲሰለቸው ፈትቶ ያስቀምጠዋል። ያኔ የመረጠው አባታችን ነበር፤ ይታይሽ ግን ፈትታ የምታስቀምጠው ነገር አልነበራትም።