ሞያሌ ድረስ

ሰይፈ ሥላሴን የማውቀው ከልጅነት ነው። ላሊበላ አቅራቢያ ካለው ከነአኩቶ ለአብ ዋሻ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ በነበረው የዜማ ትምህርት ቤት አንድ ላይ ተቀምጠን ተምረናል። ድምፁ ያን ያህል አልነበረም፤ ግን አንዴ የሰማውን አይረሳም ነበርና የኔታ ከሁላችን አብልጠው ይወዱት ነበር። አባቱ ቄስ ወልደ ሩፋኤል በልጅነቱ ሞቱበት። እናቱ እትዬ ደብሪቱ እሱንና ታናሽ እህቱን እየሩስን ከገደሉ ሥር ባለች ጠባብ የገብስ መሬት አሳደጓቸው። ማረሱን ለእኩል አራሽ ሰጥተው፣ ጉልጓሎውንም፣ አጨዳውንም፣ ጎርፍ የናደውን እርከን መልሶ መካቡንም በገዛ እጃቸው ሲሠሩ ኖሩ።

ሰይፈ ሥላሴ አድጎ ላሊበላ ከተማ ውስጥ አስጎብኚ ሆነ። ቋንቋ ቶሎ ይገባዋል። በሁለት ሺህ ስምንት ዓመተ ምሕረት አገሩ ሲታመስ ከሌሎች ወጣቶች ጋር ታስሮ አርባ ቀን ከቆየ በኋላ ተፈታ። ከእስር የወጣው ሌላ ሰው ሆኖ ነበር፤ በር ሲንኳኳ ይነሣል፣ መንገድ ላይ ስሙን የጠራው ሰው እኔ እንኳ ብሆን ይደነግጣል። ከዓመት በኋላ ቀድሞ ያስጎበኛቸው ኖርዌያውያን ባልና ሚስት ጋበዙት፤ ሄዶም በዚያው ቀረ። ጥገኝነት ጠይቆ ተፈቀደለት። በርገን በምትባል ዝናብ በማያባራባት ከተማ የዓሣ ፋብሪካ ውስጥ ሥራ አገኘ። እትዬ ደብሪቱ ምን እንደሚሠራ ሲጠይቁኝ ዓሣ ይበልታል አልኳቸው። ዓሣ አይተው አያውቁም ነበር።

እዚያ የሰጡት የጉዞ ሰነድ ላይ ለሁሉም አገር የሚያገለግል፣ ከኢትዮጵያ በስተቀር፣ የሚል ተጽፎበታል። ይህን በስልክ ያነበበልኝ ቀን ሁለታችንም ሳቅን። ከአገሬ ሸሽቻለሁ ብሎ የተጠለለ ሰው ወደዚያው ከተመለሰ ጥበቃ አያስፈልገውም ማለት ነው፤ እንደዚያ ነው ያስረዱት። የሚያድነው ዜግነት ብቻ ነው። ዜግነት ሲያገኝ እንደማንኛውም የኖርዌይ ሰው ተሳፍሮ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ቋንቋውን ተምሮ፣ ፈተናውን አልፎ፣ ዓመቱን ቆጥሮ በሁለት ሺህ አሥራ አራት አመለከተ። ያ ላሊበላ ጦርነት ውስጥ የነበረችበት ዓመት ነበር። ወራት ሙሉ የእናቱን ድምፅ ሳይሰማ ማመልከቻውን እንዴት እንደሞላ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ በየጊዜው ሲጠይቅ የሚመጣለት መልስ አንድ ነበር፦ ማመልከቻዎ በሂደት ላይ ነው። ለእናቱ ግን «ለሚቀጥለው ገና እመጣለሁ» ይላቸዋል። ገና ያልፋል፤ ለፋሲካ ይላል። እሳቸውም አይከራከሩትም፤ ጠላ የሚጠምቁበትን ገብስ ለይተው ያስቀምጡና ሳይመጣ ሲቀር ለሌላ ያውሉታል።

በሁለት ሺህ አሥራ ስድስት መጨረሻ እትዬ ደብሪቱን እህል አልወርድ አላቸው። መጀመሪያ ቂጣ፣ ቀጥሎ የራሰ እንጀራ፣ በኋላ አጥሚት ብቻ። እየሩስ በጸበል አንድ ወር አቆየቻቸው። ደሴ ወስደን ብናስመረምራቸው ሐኪሙ እኔንና እየሩስን ወደ ውጭ ጠርቶ የጉሮሮ ቧንቧቸው ላይ እብጠት እንዳለና ጊዜው እንዳለፈ ነገረን። ስንት ጊዜ እንደቀራቸው ብንጠይቀው ወራት ነው አለ።

ይህን ለሰይፈ ሥላሴ የነገርኩት እኔ ነኝ። ደግሜ እደውላለሁ ብሎ ዘጋ። በማግሥቱ ጉዳዩን የያዘችለትን ጠበቃ አማከረ። ኢትዮጵያ ከገባህ ማመልከቻህ ብቻ ሳይሆን የመኖሪያ ፈቃድህም አደጋ ላይ ይወድቃል፤ ሌላ አገር ግን መሄድ ትችላለህ አለችው። እሱም ናይሮቢን አሰበ። እናቱን ናይሮቢ ካመጣንለት ሁለት ሳምንት አብሯቸው ይሰነብታል፤ ምናልባት እዚያ ያለ ሐኪምም ያያቸዋል። ለዚህ የሚያስፈልገው የእሳቸው ፓስፖርት ነበር።

አስቸኳይ ፓስፖርት በጥቂት ቀን ይወጣል ስለተባለ፣ ኅዳር ላይ ሦስት ሳምንት ፈቃድ አውጥቶ ናይሮቢ ገባ። እኛም በዚያው ሰሞን ተነሣን። በጋሸና በኩል ያለው መንገድ በተኩስ ተዘግቶ ስለነበር ከሹምሸሃ አየር ማረፊያ ተሳፍረን ወደ አዲስ አበባ ሄድን። እኔ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ፈቃድ ወስጄ ነበር። እትዬ ደብሪቱ በመስኮት አላዩም፤ እስክናርፍ ድረስ ዓይናቸውን ጨፍነው ውዳሴ ማርያም ደገሙ። አዲስ አበባ ኮተቤ የሚኖር የእየሩስ ባል ዘመድ ቤቱን ሰጠን።

ፓስፖርት በሚሰጥበት ቦታ ወረፋው ደርሶን ፎቶ ተነሡ። አሻራ ላይ ሲደርሱ ማሽኑ ጣታቸውን አልቀበል አለ። የምትሠራው ልጅ እጃቸውን በአልኮል ጠረገች፣ በጨርቅ አሸች፣ ጣታቸውን ይዛ ተጫነች፤ ምንም የለም። ጣቶቻቸው ለስልሰው አልቀው ነበር።

«እማማ፣ ምን ሲሠሩ ኖሩ?» አለቻቸው፤ ክፉ ልጅ አልነበረችም።

«መሬት» አሏት።

እጃቸውን ቅባት እየቀቡ ያሳርፉና ከአሥር ቀን በኋላ ይምጡ ተባልን። እየሩስ ቫዝሊን ገዝታ ጧትና ማታ ትቀባቸው ጀመር፤ ዕቃ እንዳይነኩም ከለከለቻቸው። ሥራ ፈትተው መቀመጡ ከበሽታው ይልቅ ያሳፈራቸው ይመስለኛል። በዚያ ላይ አጥሚቱም ከሁለት ጉንጭ አልፎ አይወርድም። ሰይፈ ሥላሴ ደግሞ ናይሮቢ ውስጥ ኢስሊ በሚባለው ሰፈር አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቶ ቀን ይቆጥራል። ለእሳቸው የሚሆን ዝቅ ያለ አልጋ ፈልጎ አስገብቶ ነበር፤ ፎቶውን ልኮልናል።

በዘጠነኛው ቀን በቪዲዮ ደወለ። ስልኩን ይዤላቸው ነበርና የተባባሉትን ሁሉ ሰማሁ።

«ሰይፌ፣ ያለህበት አገር ከዚህ ስንት ቀን መንገድ ነው?» አሉት።

«በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ነው፣ እማዬ።»

«ሁለት ሰዓት?» ፊታቸውን ወደ ስልኩ አስጠጉ። «ከቤታችን እስከ ላሊበላ ገበያ እኮ ነው።»

«አዎ።»

«ታዲያ ለምን አትመጣም?»

ስለ ሰነዱ፣ ስለ ማመልከቻው፣ ጠበቃዋ ስላለችው እየተንተባተበ ሊያስረዳቸው ሞከረ። እሳቸው መሐል ላይ አቋረጡት።

«ማን ያይሃል?»

«ሁሉም ይመዘገባል፣ እማዬ። ስምንት ዓመት የለፋሁበት ነው የሚጠፋው። ትንሽ ነው የቀረው።»

«እሺ» አሉት። «ሕግ ከሆነ ምን ይደረጋል።»

ከዚያ ስልኩን ውሰድልኝ ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እየሩስ ከእጄ ነጥቃ ወደ ውጭ ወጣች። እሷ ስትቆጣ ድምጿ ይቀንሳል፤ ከበሩ ማዶ የሰማሁት አንዲት ነገር ብቻ ነው።

«አንተ ስምንት ዓመት ትቆጥራለህ። እሷ ስምንት ቀን የላትም።»

በማግሥቱ ሰይፈ ሥላሴ ለማንም ሳይናገር አውቶቡስ ተሳፍሮ ወደ ሞያሌ ሄደ። ይህን የነገረኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። እዚያ ሲደርስ ጧት ነበር። የኬንያው ሞያሌና የእኛው ሞያሌ ፊት ለፊት ናቸው፤ ከዚያ ማዶ የአማርኛ ማስታወቂያ ማንበብ፣ ረዳቶቹ ለአዲስ አበባ ሲጣሩ መስማት ይቻላል። ነጅሚያ የምትባል ሻይ የምትሸጥ የወሎ ሴት አግኝቶ እሷ ዘንድ ተቀመጠ። ገና አፉን ሲከፍት አገሩን አወቀችበት። ነገሩን ሲያጫውታት ሰው በቀን ሦስት ጊዜ እንደሚሻገር፣ ማንም ወረቀት እንደማይጠይቅ፣ ቢፈልግ ከሸቀጥ ተሸካሚዎቹ ጋር እንደምታሻግረው ነገረችው።

ሁለት ጊዜ ተነሥቶ ሁለቴም ተመልሶ ተቀመጠ። በስድስት ሰዓት ግድም እየሩስ ደወለችለት። ቀኑ ደርሶ አሻራውን ጧት ሰጥተን ነበር፤ በመከራ አምስት ጣት ተነበበ፣ ፓስፖርቱም ከሳምንት በኋላ ይደርሳል ተባለ። ግን እትዬ ደብሪቱ ከዚያ ስንመለስ ውኃ እንኳ መዋጥ አቃታቸው። ሐኪም ቤት ብንወስዳቸው ወደ ቤታቸው መልሷቸው ተባልን። ነገ እንሳፈራለን አለችው። እሱም ያለሁት ሞያሌ ነው አላላትም።

ቢሻገርም ከዚያ ላሊበላ ለመድረስ በተዘጋ መንገድ ስንት ቀን እንደሚፈጅበት፣ በየኬላው መታወቂያ ሲጠይቁት ምን እንደሚል ሲያስብ ዋለ። ማታ በሚነሣው አውቶቡስ ወደ ናይሮቢ ተመለሰ።

«ሕጉ አይደለም የመለሰኝ፣ ኢያቄም» አለኝ ይህን ሲነግረኝ። «መንገዱም አይደለም። ፈራሁ። የፈራሁትን እንኳ አላውቀውም።»

እሱ ቦታ ብሆን ምን እንደማደርግ ዛሬም አላውቅም።

እትዬ ደብሪቱ ወደ ቤታቸው ከገቡ በኋላ ጉሮሯቸው ትንሽ ከፈት ብሎላቸው፣ እየሩስ ውኃና አጥሚት በማንኪያ እያጠጣቻቸው ሁለት ወር ቆዩ። ፓስፖርቱ ሲወጣ ሰይፈ ሥላሴ ፈቃዱ አልቆ ወደ በርገን ተመልሶ ነበር። በመጨረሻው ሰሞን እሳቸው ሰው መለየት አቁመው ነበር። ያረፉት በየካቲት መጀመሪያ፣ በማለዳ ነው። የቀበርናቸው በነአኩቶ ለአብ፣ ቄስ ወልደ ሩፋኤል ካሉበት አጠገብ ነው። ሰይፈ ሥላሴ ፍትሐቱን ማዳመጥ አለብኝ ስላለኝ ስልኬን ከፍቼ ከካህናቱ አጠገብ ቆምኩ። እዚያ ገደል ሥር ኔትወርክ ይመጣል ይሄዳል። ሲመጣ ከካህናቱ ጋር አብሮ ሲያዜም ይሰማኝ ነበር፤ በልጅነታችን የተማርነውን፣ አንዲት ቃል ሳይስት። አስከሬኑ ሲወርድ ግን መስመሩ ተቋረጠ። ደጋግሜ ደወልኩ፤ አልሠራም። በኋላ እንደነገረኝ እሱ ለካ መስመሩ መቋረጡን ሳያውቅ ብዙ ቆይቷል። ዝም ያልን መስሎት እሱም ዝም ብሎ ሲጠብቅ ነበር።

የዜግነቱ መልስ የመጣው በግንቦት ነው። የደብዳቤውን ፎቶ ላከልኝ፤ ከሥሩ አንድም ቃል አልጻፈም። ማታ ደወልኩለት። እንኳን ደስ ያለህ ማለቱ ከአፌ አልወጣ ስላለኝ እንደምን ዋልክ ብቻ አልኩት።

«እንግዲህ መምጣት እችላለሁ» አለ።

«ና።»

«ለማን?»

እህት አለችህ አልኩት። እየሩስ ምን እንዳለች ጠየቀኝ። ደብዳቤውን አሳይቻት ነበር። አይታ ስልኩን መለሰችልኝና ወደ ከብቶቹ ሄደች። ይህንኑ ነገርኩት። መዋሸት እችል ነበር፤ ግን ሰይፈ ሥላሴ ውሸቴን ከሕፃንነታችን ጀምሮ ያውቀዋል።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ትኬት ቆርጦ ሁለቴም ሰርዟል። መጀመሪያ የፋብሪካውን ሥራ፣ ቀጥሎ የመንገዱን ሁኔታ ምክንያት አደረገ። ሁለተኛውን መሰረዙን የነገረኝ ከሳምንት በኋላ ነው፤ እኔ በተባለው ቀን ሹምሸሃ ድረስ ሄጄ፣ ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ እስኪያልቅ ቆሜ ተመልሻለሁ። እየሩስ መሄዴን ታውቅ ነበር፤ ስመለስ ብቻዬን መሆኔን አየች። የእናቷን መሬት አሁን የምትጎለጉለው እሷ ናት። ወንድሟ በየእሑዱ ይደውልላታል። ስልኩ መጥራቱን እስኪያቆም ትጠብቅና ሥራዋን ትቀጥላለች።