ባዶ የተባሉት ቀናት

ሰብለ ወንጌል ባሕር ዳር ኢኮኖሚክስ የምታስተምር፣ የደቅ ደሴት ቄስ ልጅ ናት። የምታጠናው የገበሬን ጊዜ ነው፤ ማን መቼ ስንት ሰዓት እንደሚሠራ። ሦስት ዓመት ደቅን ዞራ የጻፈችው ጽሑፍ፣ ደሴቲቱ በበዓል ብዛት የዓመቷን ሲሶ በከንቱ ታባክናለች ይላል። አንድ የታወቀ መጽሔት ሊያትመው ተቀብሎታል። የተባባሪ ፕሮፌሰርነት ማዕረጓም በዚሁ ጽሑፍ ላይ የተንጠለጠለ ነበር።

ለኅዳር ሚካኤል ጣናን ተሻግራ ወደ አባቷ ሄደች። ቄስ መርስዔ ኀዘን ስለ ማዕረጉ ሲሰሙ ፈነደቁ። ዕድሜ ልካቸውን የቀደሱባቸውን ቀናት ብክነት ብላ መጻፏን ግን አልነገረቻቸውም፤ ዶክተር ሆናም አባቷን ትፈራለች።

ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ ዛፍ ጥላ ሥር ጠላ ይዞ ተቀመጠ። እማሆይ ፅጌ ማርያም የገበሬውን የዳኘውን ስም አነሡ፤ ወባ ጥሎት ዳጉሳው ማሳ ላይ ሊረግፍ ነው። አንዱ ከነገ ወዲያ እኔ አለሁ አለ፣ ሌላው ከነልጆቼ አለ። አንድ ጎረቤት ግን ከዳኘው ጋር ተኳርፎ ኖሮ እምቢ ቢል፣ ቄሱ እዚያው ተቆጥተው እሺ አሰኙት። ጠላው ሳያልቅ አሥራ አራት አጫጅ ተገኘ። ሰብለ ወንጌል ይህን በሥራ ቀን ለምን እንደማይነጋገሩ ብትጠይቅ ሳቁባት። በሥራ ቀን ሁሉም በየማሳው ነው፣ ማን ከማን ይገናኛል?

ክው አለች። እሷ በእያንዳንዱ በዓል አንጻር "ሥራ የለም" ብላ ጽፋለች፤ ሥራው የሚደለደለው ግን በዚያው ቀን ነው። እዚህ ተወልዳ አድጋ ይህ ስለጠፋት በራሷ አፈረች።

አመሻሽ ላይ ለአባቷ ሁሉንም ዘረገፈችው። ጽሑፉን ከተወችው ማዕረጉም ይቀራል።

"ያን ጽሑፍ ማን ያነበዋል?" አሉ ቄሱ።

"ደቅን አይተው የማያውቁ ሰዎች ናቸው፣ አባዬ።"

"እንግዲያ የሚያምኑት አንቺን ብቻ ነዋ።"

በማግስቱ ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታ ላይ ወጥታ፣ ጽሑፌ ስህተት ስላለበት እንዳይታተም ብላ ለመጽሔቱ መልእክት ላከች። ከዚያ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

የአጨዳው ቀን እሷም ማጭድ ይዛ ወጣች። ወገቧ እስኪቆረጥ አጨደች፤ ቢሆንም ልቧ ቀለላት። ከሰዓት በኋላ ዳኘው በትር ተደግፎ መጣ።

"ስንት ሰዓት ሠራህ እያልሽ ሦስት ዓመት አደረቅሽኝ" አላት። "ማን አገዘህ ብለሽ ግን ጠይቀሽኝ አታውቂም።"

"አሁን ልጠይቅህ ነው የመጣሁ።"

ዳኘው ነዶ ላይ ተቀምጦ ስም መጥራት ጀመረ። ፀሐይ ስትጠልቅ ገና አልጨረሰም ነበር።