ወልይ ያልሰገደበት ዋርካ

ባሌ አፈር እስኪለብስ ይህን አልነገርኩትም፤ ለልጆቼም አልነገርኩም። መጀመሪያ የምትሰሙኝ እናንተ ናችሁ።

የኮሮና ጊዜ ነው። ለበሽታው ከፌዴራል ገንዘብ ወርዷል ተባለና ለጤና ጣቢያችን ትልቅ ጥቁር የውሃ ታንከር ተገዛለት። ከወረዳ የመጣው ሰው ሽማግሌዎቹን ሰብስቦ፣ ከማዋለጃው ክፍል ጀርባ ከዋርካው ሥር ሊተክለው እንዳሰበ፣ ቧንቧውም ቀጥታ ወደ ምጥ ክፍሉ እንደሚገባ ነገረን። እኔም ለዕድሜዬ ተጠርቼ ተቀምጫለሁ። ያን ጊዜ ውሃ የምቀዳው ከሰፈራችን ሐይቅ በታች ካለው ምንጭ ነበር፤ ዳገቱ ጉልበቴን ጨርሶታል። ልጅ ሳለን በዚያው ዳገት እየዘፈንን ሩቅ እስከ አርዲቦ ድረስ ለሠርግ እንሄድ ነበር፣ ድካምም አናውቅ። ምን ላይ ነበርኩ? አዎ፣ ታንከሩ። ከጤና ጣቢያው ግቢ በር ላይ ቢቆም ከእኔ ደጅ ፊት ለፊት ነው። ይህን እያሰብኩ አፌ ተናገረ። አፌ አልኩ እንጂ እኔ ነኝ፤ እኔ ተናገርኩ።

«ከዋርካው ሥር አይቆፈርም። ወልይ የሰገደበት ነው፤ አባቴ አሳይቶኛል» አልኩ።

አባቴ ምንም አላሳየኝም። እዚያ ዋርካ ሥር አህያውን ነበር የሚያስረው።

ማን ይከራከረኛል? በእኛ አገር ወልይ የሰገደበት ከተባለ እስላሙም ክርስቲያኑም ጫማውን ያወልቃል። አዋላጇ ዘሐራ ብቻ፣ የሰፈራችን ልጅ፣ ተነሣች።

«እማማ፣ እዚሁ ተወልጄ ስለዚህ ወልይ ሰምቼ አላውቅም። ምጥ የያዛት ሴት ውሃ ያስፈልጋታል» አለች።

ሽማግሌዎቹ ዝም አሰኟት። አንዱማ፣ ተምረሽ መጣሽና ወልዩንም ልትመረምሪው ነው ወይ ብሎ ሳቀባት። ታንከሩ በሩ ላይ ቆመ።

በሳምንቱ ሽማግሌዎቹ፣ ትልቅ ሰው ደፍረሻል ብለው ዘሐራን ቤቴ ድረስ አመጧት። ጉልበቴን ይዛ ይቅር ይበሉኝ አለችኝ። እኔም መረቅኋትና «ይቅር ብዬሻለሁ» አልኳት። ውሸቱን የጉልበቴ ሕመም አመጣው ልበል፤ ይህንንስ ምን አመጣው? ምን አጥፍታ ነው ይቅር ያልኳት?

ከዚያ ወዲህ ከፋኝ ብል ሌላ ውሸት እጨምራለሁ። የታንከሩ ፍሳሽ ጎመኔን ያጠጣልኛል፤ እጁን ሊታጠብ የሚመጣው ሁሉ ወሬ ያመጣልኛል። ደስ ብሎኝ ነው የኖርኩ። ዘሐራ ግን በየጠዋቱ ጀሪካኗን ደጄ ላይ ሞልታ ወደ ማዋለጃው ትሸከማለች። እንዴት አደሩ እማማ ትለኛለች፤ እኔ ደግሞ አላህ ያግዝሽ እላታለሁ። እንዲህ ማለት እንዴት ቻልኩ?

ጭራሽ ነፍሰ ጡሮቹ ቀናቸው ሲቃረብ ዋርካው ሥር ሽቶ እያርከፈከፉ ዱዓ ማድረግ ጀምረዋል፣ አህያ ይታሰርበት በነበረው ቦታ። አሁን ብናገር የሚጽናኑበትን እቀማቸዋለሁ እያልኩ ዝም አልኩ። ሰበብ ነው። ዱዓን አላህ ከየትም ይሰማዋል፤ ውሃ ግን ራሱን ተሸክሞ ማዋለጃው አይገባም።

ነገ ጠዋት ስትመጣ ጀሪካኑን ከእጇ እቀበላታለሁ። ወልይ የለም፣ ዋሽቻለሁ እላታለሁ፤ ሽማግሌዎቹ ፊትም እደግመዋለሁ። ታንከሩን ነቅለው ይውሰዱት፣ ጎመኔም ይድረቅ። እናንተ ይቅር በሉኝ። እሷን ግን ይቅር በይኝ ለማለት አፍ የለኝም፤ ያንን ቃል ያለ ጥፋቷ ተንበርክካ ቀድማ ብላልኛለች።