ለስድስት ሰው የሚሆን ምስር

ዛሬም መሳለሚያ ላይ ትራፊክ ፖሊስ ፊሽካ ሲነፋ እጄ ሳላስበው ሳህን ይፈልጋል። የታክሲ ሰልፍ ውስጥ ቆሜ፣ ቦርሳዬን ደረቴ ላይ አቅፌ፣ እንደ ልማዴ ከማንም ጋር ዓይን ላለመጋጨት ጫማዬን እያየሁ፣ ያ ቀጭን ድምፅ ጆሮዬ ሲገባ የምስር ወጥ ሽታ አብሮት ይመጣና ሆዴ ይጮኻል፤ ብቻዬን ፈገግ ስልም አጠገቤ ያሉት ሰዎች ትንሽ ፈቀቅ ይላሉ።

ነገሩ የጀመረው በሐምሌ ወር፣ አንድ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አባባ ከሠራዊቱ ተሰናብቶ ቤት ከገባ ሁለተኛ ቀኑ ነበር። እስከዚያ ድረስ አባቴ ለእኔ ከአልጋው በላይ በምስማር የተሰቀለ ፎቶግራፍ ነበር፤ በዓመት አንዴ ፈቃድ ይዞ ይመጣና ገና መላመድ ስንጀምር ይሄዳል። ያን ቅዳሜ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ሳለ ግቢያችን መሃል ፊሽካ ተነፋ። ስድስት ቤተሰብ የሚኖርበት ግቢ በአንድ ጊዜ ተነሣ፤ አንዱ እሳት መስሎት ባልዲ፣ ሌላው ሌባ መስሎት ዱላ ይዞ ወጣ። ጎረቤታችን እትዬ አልጋነሽ በአንድ እግራቸው ጫማ፣ በሌላው ካልሲ ሆነው ብቅ አሉ። አባባ በራችን ላይ ጭልፋ ይዞ ቀጥ ብሎ ቆሞ ነበር።

«ቁርስ ደርሷል!» አለ።

«የማን ቁርስ?» አሉ እትዬ አልጋነሽ።

«የሁሉም!»

አባባ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ የሠራዊት ወጥ ቤት ነበር። ከሁለት መቶ ሰው በታች አብስሎ አያውቅም። ያን ቀን እማዬ ለወር ያስቀመጠችውን የገብስ ዱቄት በሙሉ ገንፎ አድርጎት፣ ድስቶቻችን አልበቃ ቢሉት በልብስ ማጠቢያው ሳፋ ከምሮት ነበር። እማዬ በርበሬ ተራ ቅመም ስትሸጥ፣ ቀኑን ሙሉ ስትከራከር ስለምትውል ቤት ውስጥ ብዙ አትናገርም ነበር። ሳፋውን አየችው፣ አባባን አየችው።

«ደምሴ፣ እኛ እኮ ሦስት ነን» አለች።

«ሦስት። ተመዝግቧል» አለ አባባ፤ በማግስቱ ግን ያንኑ ሳፋ ሞላ።

የሚገርመው እንደዚያ የጣፈጠ ገንፎ በልተን አናውቅም። እትዬ አልጋነሽ እየተቆጡ ሦስት ጊዜ አስጨመሩ።

ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ አባባ ከሠራዊት የተመለሱ ሰዎችን ወደ ሲቪል ኑሮ እንዲመለሱ በሚያግዝ አንድ የሥልጠና ማዕከል ተመዘገበ። ታንክ ነጂ የነበረው ጓደኛው ፀጉር ማስተካከል ሲማር፣ አባባ ደግሞ የምግብ ቤት ሥራ ይማር ነበር። ፈተናውን ካለፈ ምድጃና ድስት ይሰጡታል፣ የሥራ ቦታም ያፈላልጉለታል። ማዕከሉ ውስጥ ከቤተሰብ ጋር ስለመኖር የሚያስተምር ክፍለ ጊዜም ነበር፤ ከማዘዝ ይልቅ መጠየቅን ተለማመዱ ይባሉ ስለነበር አባባ የቤት ሥራውን በእኛ ላይ ይሠራ ነበር። እራት ላይ እንደ ተኩስ «እባክሽ!» ይልና እኔ ስደነግጥ ጠብቆ፣ «ጨው! ብታቀብይኝ! ደስ ይለኛል!» ብሎ ይጨርስ ነበር።

የማዕከሉ መምህርት ሰናይት የምትባል፣ ከአባባ በብዙ የምታንስ ቀጭን ሴት ነበረች። ኅዳር ላይ ፈተናው ደረሰና ለስድስት ሰው የሚሆን ምስር ወጥ እንዲሠራ አዘዘችው። አባባ ለመቶ ሃያ ሠራ።

«ስድስት ሰው ነው ያልኩት፣ አስር አለቃ፤ ስድስት ሻምበል ጦር አይደለም» ብላ ከፈተናው ጣለችው።

ከዚያ በኋላ ቤታችን የልምምድ ሜዳ ሆነ። አባባ በየማታው በትንሿ ድስታችን ላይ ጎንበስ ብሎ፣ ሕፃን ልጅ ላለመቀስቀስ እንደሚጠነቀቅ ሰው ትንፋሹን ይዞ ያበስል ነበር። ግን በእጁ ያለው ልክ ለሁለት መቶ ሰው የተሠራ ነበርና ጨው ላይ ሲደርስ ጭብጡ በራሱ ይሞላ ነበር። ቀማሽ እኔ ነበርኩ። ዓይን አፋርነቴ እንዲህ ነበር፦ ምላሴ እየተቃጠለ «ይጣፍጣል» እልና ውጭ ወጥቼ ከቧንቧው አፌን ገጥሜ እጠጣ ነበር። ያን በጋ የጠጣሁት ውሃ አንድ ጓሮ ያለማል።

ታኅሣሥ ላይ ከግቢያችን ማዶ አንድ ሽማግሌ አረፉ። በእኛ ሰፈር ሰው ሲሞት የእድሩ ዕቃ ቤት ጠባቂ ጋሼ ሽብሩ ጡሩምባ ይነፋሉ፣ ከዚያ ትልልቆቹ የእድር ድስቶች ከዕቃ ቤት ወጥተው ወደ ሐዘንተኛው ቤት ይሄዳሉ፤ ድስቱ የገባበት ቤት ለቅሶ ያለበት ቤት ነው። አባባ ሊያስተዛዝን ሄዶ፣ ድስቶቹን ሲያይ እግሩ አልታዘዘው ብሎ ሴቶቹ የሚያበስሉበት ገባ። ያን ቀን የሠራውን ምስር የቀመሰ ለቀስተኛ ሁሉ እንባውን በአንድ እጁ እየጠረገ በሌላው ሳህኑን ለጭማሪ ይዘረጋ ነበር። ጨዉ ልክ ነበር። እኔ ጥግ ተቀምጬ ቀመስኩና ገባኝ፤ ለማንም ግን አልተናገርኩም። ማን ጠየቀኝ?

ጥር ላይ የመጨረሻው ዕድል መጣ። መምህርት ሰናይት አምስት ባልደረቦቿን ይዛ እሑድ ስድስት ሰዓት ላይ ቤታችን ድረስ መጥታ ልትበላ፣ ካላለፈ ግን ምድጃውና ድስቱ ለተከታዩ ተመዝጋቢ ሊሰጥ ተወሰነ። አንድ የቀድሞ አለቃው ደግሞ ቆላ ውስጥ፣ ሁለት ቀን መንገድ በሚወስድ እርሻ ላይ የጥበቃ ሥራ አግኝቶለት ነበር፤ ፈተናውን ከወደቀ ሰኞ ጠዋት ይሄዳል። አባባ ከመጣ ጀምሮ የወታደር ቦርሳውን አራግፎት አያውቅም ነበር፤ ልብሱን ከውስጡ ይለብሳል፣ አጥቦ ወደ ውስጡ ይመልሳል። ቅዳሜ ማታ ያን ቦርሳ ከአልጋው ሥር አውጥቶ በሩ አጠገብ አቆመው።  እኔ ዓይኔን ከቦርሳው ላይ ማንሣት አልቻልኩም።

እሑድ ጠዋት የመጀመሪያው ድስት ጨው ሆነ። ሁለተኛው አረረ። እማዬ ግንባሯን ይዛ ተቀምጣ፣ አባባ ሦስተኛውን ሊጀምር ሽንኩርት እያነሣ ሳለ በጓሮ በር ወጣሁና እየሮጥኩ ጋሼ ሽብሩ ጋ ሄድኩ። መንገድ ላይ «ጋሼ፣ ትልቁን ድስት ለአባባ ያውሱን» የሚለውን ደጋግሜ ተለማመድኩት። ዕቃ ቤቱ በር ላይ ስደርስ ግን አንዲት ቃል አፌ ውስጥ አልቀረችም።

«ምን ሆነሽ ነው፣ የደምሴ ልጅ?»

አፌን ከፈትኩ። ዘጋሁ። በጣቴ ትልቁን የእድር ድስት አሳየሁና፣ ከእፍረቴ የተነሣ አለቀስኩ።

ጋሼ ሽብሩ ባርኔጣቸውን አወለቁ። የእድር ድስት እያሳየች የምታለቅስ ልጅ በሰፈራችን ሌላ ማብራሪያ አያስፈልጋትም።

«ወይኔ ደምሴ! ስንቱን ጦር ሜዳ አልፎ መጥቶ!» አሉና ድስቱን በጋሪ አስጭነው፣ ጡሩምባቸውን አንሥተው ወጡ። «አይደለም» የምትለው አንዲት ቃል ናት፤ እሷን ለማውጣት እስከ ግቢያችን በር ድረስ ከኋላቸው ሮጥኩ፣ በመጨረሻ ስትወጣልኝ ግን ጡሩምባው ጮኾ በላት።

«ያልሰማህ ስማ! አስር አለቃ ደምሴ ቤት ለቅሶ ነው!»

አባባ ቤት ውስጥ ሆኖ ሰማ። ጭልፋውን እንደያዘ ፊቱን አኮሳትሮ ወጣ።

«ቤቴ ውስጥ ሰው ሲሞት ለምን ሪፖርት አልተደረገልኝም?» አለ።

የጋሼ ሽብሩ ጡሩምባ ከእጃቸው ወደቀ። እትዬ አልጋነሽ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ «የገንፎው ጌታ! የገንፎው ጌታ!» እያሉ ደረታቸውን እየመቱ ሲደርሱ ከሟቹ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ።

«አንተ! አልሞትክም እንዴ?»

«አልሞትኩም፣ እትዬ። ይቅርታ።»

«ይቅርታ ይላል! እንባዬን ጨርሼ!»

የእድር ጡሩምባ «ተሳስተናል» የሚል ዜማ የለውም። ሰው መምጣቱን አላቆመም። ሴቶቹ ሐዘን ቤት እንደሚያደርጉት እንጀራ በመሶብ፣ ምስርና ሽንኩርት በቁና ተሸክመው መጡ፣ ወንዶቹ ድንኳን ዘረጉ፣ የመጣው ሁሉ መጀመሪያ ያለቅሳል፣ ቀጥሎ አባባን ያያል፣ ቀጥሎ ይቆጣል፣ ከዚያም መጥቶ መመለስ ስለማያምርበት ይቀመጣል። አባባ ግቢውን በዓይኑ ቃኘ። ከዚያ ጋሪው ላይ ያለውን ድስት አየ።

«ስንት ይሆናል ሰዉ?» ሲል በቀስታ ጠየቀ።

«መቶ አያንስም» አሉ ጋሼ ሽብሩ፤ አሁንም አፋቸው አልተገጠመም።

አባባ ከሐምሌ ጀምሮ አይቼው የማላውቀው ሰው ሆነ። ትከሻው ተነሣ፣ ፊሽካውን ከኪሱ አውጥቶ ነፋ። ለቀስተኛው ሳያውቀው ተሰለፈ። ያለቀሱትን ሴቶች ሽንኩርት ላይ መደባቸው፤ እንባቸው ቀድሞ ስለወጣ አልከበዳቸውም። ጨዉን በጭብጡ ዘግኖ፣ ሳይለካ፣ ሳይፈራ ሲበትነው ትንፋሼን ያዝኩ።

ስድስት ሰዓት ላይ መምህርት ሰናይት ከአምስቱ ባልደረቦቿ ጋር ስትገባ ድንኳኑንና የተዘቀዘቁትን ነጠላዎች አይታ ክው አለች። ወዲያው መሐረቧን አውጥታ፣ አጠገቧ ለቆመው ሰው «ነፍስ ይማር፣ ማን ናቸው?» አለችው።

«እኔ ነኝ» አለ አባባ። «ይግቡ፣ መምህርት። ሰልፉ በዚህ በኩል ነው።»

ሁሉም በላ። የጣት መላስ ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር። ከዚያ መምህርት ሰናይት ሳህኗን አስቀምጣ፣ ከቦርሳዋ ቅጽ አወጣችና አባባን አዝና ተመለከተችው።

«አስር አለቃ፣ ፈተናው እኮ ለስድስት ሰው ነበር።»

አባባ በሩ አጠገብ ወዳለው ቦርሳ ዞር ብሎ አየ። «ትክክል ነዎት፣ መምህርት» አለና ቀጥ ብሎ ቆመ።

እኔ እንዴት እንደተነሣሁ ዛሬም አላውቅም። መቶ ሰው መሃል ቆሜ ነበር።

«ድስቱን ያስመጣሁት እኔ ነኝ» አልኩ። «ማንም አልሞተም። አባባ በትንሽ ድስት አይችልም፤ ጨው ይበዛበታል። በትልቅ ግን ይችላል። በላችሁት እኮ! እንዳይሄድብኝ!»

«ይቺ ልጅ ትናገራለች እንዴ?» አሉ እትዬ አልጋነሽ።

ጎጃም በረንዳ የእህል መጋዘን ያላቸው ሐጂ ከድር፣ ሊያስተዛዝኑ መጥተው ሁለት ሳህን የጨረሱ ጎረቤታችን፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የእኔ ሰዎች ጆንያ ተሸክመው ሲውሉ ምሳ ፍለጋ ይበተኑብኛል፣ ተመልሰው እስኪመጡ ግመል ትወልዳለች» አሉ። «ግቢዬ ውስጥ ጥግ አለ። ይምጣ፣ ነገ ይጀምር።»

መምህርት ሰናይት ቅጿን ደግማ አነበበች። ባልደረቦቿን አንድ፣ ሁለት እያለች በእስክሪብቶዋ ጠቆመች፤ ራሷን ስድስተኛ አድርጋ ጨመረች።

«ስድስት ሰው በልቶ ጠግቧል» አለች እየጻፈች። «ስለ ሌሎቹ ቅጹ አይጠይቅም።»

እናም አባባ ዓመታትን ሐጂ ከድር ግቢ ውስጥ አበሰለ፤ ሲደክመው ምድጃውን ከሠራዊት ለተመለሰ ለሌላ ሰው አስረከበ። አሁን አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ እንኖራለን፤ ዛሬም ሦስት ነን፣ ዛሬም ለሦስት ማብሰል አልሆነለትም። ያኔ አንድ ድስት በበራችን ሲገባ ሰፈሩ ሁሉ እያለቀሰ መጣልን፤ አሁን የጎረቤቶቻችንን ስም ያወቅሁት የተረፈ ወጥ ይዤ በር እያንኳኳሁ ነው። ከማንኳኳቴ በፊት ዛሬም የምናገረውን ሦስት ጊዜ እለማመዳለሁ።

ያኔ ግን በማግስቱ፣ ሰኞ ጠዋት፣ አባባ ፊሽካውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ወደ ጎጃም በረንዳ እንደወጣ፣ በሩ አጠገብ የቆመውን ቦርሳ ጎትቼ አልጋው ላይ ወጣሁ። ሸሚዞቹን አንድ በአንድ አውጥቼ ከእኔና ከእማዬ ልብስ ጋር ደረደርኩ። ኮቱ የሚሰቀልበት ስላጣሁ ፎቶግራፉን ከግድግዳው አወረድኩና፣ በዚያው ምስማር ላይ ኮቱን ሰቀልኩት።