ሦስት ጣት ልቀቅ፣ አምስት ጣት አቁም

ከተማው የተጀመረው በአንድ የእንጨት ካስማ ነው። ጫፉ ቀይ የተቀባ፣ ክንድ የማይሞላ ካስማ። ቀያሾች መጥተው ወንዙ በሚታጠፍበት ሜዳ ላይ ተከሉት፤ ሜዳው ግን የአንድ ገበሬ ማሳ ነበር። ገበሬው በማግስቱ ነቀለው። እንደገና ተከሉት፣ እንደገና ነቀለው። በሦስተኛው ቀን አራት ጎረምሶች ይዘው መጡና በዚያው በነቀለው ካስማ ፊቱን መቱት። መንጋጋው እንደተሰበረ ቀረ፤ ከዚያ ወዲያ እስኪሞት ድረስ ዳቦ የሚበላው ሻይ ውስጥ እየነከረ ነው። ሁለት ወንዶች ልጆቹ አጥር ሥር ቆመው ሁሉን አይተዋል። ታላቁ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፣ ታናሹ አምስት።

ይህ የታላቁ ታሪክ ነው።

ማሳው ላይ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ቆመ። አራት መቶ የሽመና ማሽን ገባበት። ወንዙ አንድ ቀን ቀይ፣ አንድ ቀን ሰማያዊ ሆኖ መውረድ ጀመረ። ሰው ከየአቅጣጫው ጎረፈ፣ ቆርቆሮ በቆርቆሮ ላይ ተደገፈ፣ ሰፈሮቹም ስም ለማውጣት ጊዜ አላባከኑም፤ አንደኛ ፈረቃ፣ ሁለተኛ ፈረቃ፣ ቀለም በር ተባሉ። ታላቅየው ሲጎረምስ ሸማኔ ሆኖ ገባ። ታናሽየው ሲያድግ የበር ዘበኛ ሆኖ ተቀጠረ።

አባታቸው በዚያ በተጣመመ አፉ፣ ምራቁን በእጅጌው እየጠረገ፣ “አንዱ ልጄ በመሬቴ ላይ ማሽን ያስሮጣል፣ አንዱ ልጄ የመሬቴን አጥር ይጠብቃል። ሥራ የፈታሁት እኔ ብቻ ነኝ” ይል ነበር።

ሽመና ክፍል ውስጥ አፍ አያገለግልም። አራት መቶ ማሽን ባንድ ላይ ሲንኳኳ ሰው ጆሮህ ሥር ቢጮህም የሚሰማህ ትንፋሹ ብቻ ነው። ስለዚህ ሠራተኛው የጣት ቋንቋ ፈጠረ። አምስት ጣት ወደ ላይ ከተዘረጋ “አቁም” ነው። ሦስት ጣት “ልቀቅ” ነው። አፍንጫ ከተያዘ ካቦው፣ የክፍሉ አለቃ፣ እየመጣ ነው። ሆድ ከተዳበሰ የምሳ ሰዓት ደርሷል፤ አለዚያም አንዷ አርግዛለች፣ እሱ እንደ ዳባሹ ፈገግታ ይለያያል። ከዓመታት በኋላ የሁሉም ጆሮ ሲደክም ቋንቋው ከፋብሪካው ወጥቶ ቤት ገባ። በዚያ ከተማ ባልና ሚስት በጣት ሲሰዳደቡ ጎረቤት በመስኮት አይቶ ይስቅ ነበር።

ሸማኔው ሃያ አምስት ዓመት ሲሆነው የማሽኑ ቀበቶ የቀኝ እጅጌውን ያዘው። እጁን ሲመነጭቅ ትንሿ ጣቱና አጠገቧ ያለችው አብረው አልመጡም። ጨርቁ ላይ አንድ ክንድ ያህል ደም ተሸምኖ ወጣ፤ ካቦው መጀመሪያ የጮኸው ለጨርቁ ነው። ቁስሉ ሽሮ ሲመለስ ሁሉም ከማሽኑ ቀና ብሎ ያየው ጀመር። እሱም ቀኝ እጁን ከፍ አድርጎ አሳያቸው፤ አውራ ጣት፣ ጠቋሚ፣ መሃል ጣት። ከዚያ ግራውን አነሳ፤ አምስት። “ከዛሬ ጀምሮ ቀኜ ልቀቅ ብቻ ነው የሚያውቀው፣ አቁም የምለው በግራዬ ነው” ማለቱ ነበር። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ስሙም ከዚያን ቀን ጀምሮ ሦስት ጣት ሆነ።

አድማው የመጣው በአንዲት ልጅ ፀጉር ነው። አዲስ የገባች ልጅ ጎንበስ ስትል ሻሿ ወለቀና ያው ዓይነት ቀበቶ ፀጉሯን ጠቀለለው። ፀጉሯን ብቻ አይደለም የወሰደው። ልጅቷን በጆንያ ተሸክመው ሲያወጧት ካቦው ደሙ ላይ ሰጋቱራ በተነበት፣ በእግሩ ረጋገጠው፣ ቀና ብሎም ሦስት ጣቱን አነሳ፤ ልቀቅ።

የለቀቀ አልነበረም። አንዱ አምስት ጣቱን ዘረጋ፣ ቀጥሎ ያለው ዘረጋ፣ ማሽኖቹ ከዳር እስከ ዳር እየተንተፋተፉ ቆሙ። በዚያ ክፍል ዝምታ ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር፤ አንዳንዱ ፈርቶ ጆሮውን ይዟል።

አለቆቹ ትልቁን በር ከውጭ ቆለፉት፣ ውሃውንም ዘጉት። “ሲጠማቸው ይሠራሉ” ተባለ። ሁለት ቀን አለፈ። ሰው ከማቅለሚያው ገንዳ ጠጥቶ ሰማያዊ አስመለሰ። በሦስተኛው ቀን ቀትር ላይ ወንዶቹ የመጋዘኑን ጋሪ ጥጥ በጥጥ አድርገው ጫኑት። ጋሪው በሐዲድ የሚሄድ ነበር፤ ሐዲዱ ደግሞ ከመጋዘኑ ደጃፍ ተነስቶ ቁልቁል እስከ በሩ ይወርዳል። ጎማው ሥር የእንጨት ታኮ ከተቱ፣ አንዱም ታኮውን የሚመታበት መዶሻ ይዞ ቆመ። ታኮው ከተነሳ ጋሪው በሩን ከነዘበኛው ይዞ ይሄዳል።

“ሦስት ጣት ይውረድና ያነጋግራቸው” አሉ። “ወንድሙ እዚያ ነው። እምቢ ካሉ ምልክት ይስጠን።”

ወረደ። ከበሩ ማዶ ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ስላሉ ባዶ እጁን መውረድ አልፈለገም፤ ከተሰበረ ማሽን ላይ የወለቀ የብረት ዘንግ በግራ እጁ ያዘ።

“አብዳችኋል እንዴ?” አለ ታናሹ በፍርግርጉ መሃል። “ያንን ጋሪ ልትለቁት ነው?”

“ውሃ ስጡን።”

“እኔ ነኝ የዘጋሁት? ስማኝ ጋሼ፣ ሚስቴ ስምንት ወሯ ነው፣ ነገር አልፈልግም። የትንሿ በር ቁልፍ እኔ ጋ ነው። ልክፈታትና መጀመሪያ ሴቶቹ ይውጡ። አለቃዬ ከዚያ በኋላ ያሻውን ያድርገኝ።”

“የምርህን ነው?”

“የአባታችንን መንጋጋ!”

ሁለቱም ሳቁ። ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚምሉበት መሐላ ነበር፣ ሌላ ሰው ቢሰማው ግን አያስቅም።

ትንሿ በር ተከፈተች። ታናሹ ቁልፉን ይዞ ወደ ውስጥ ገባ፣ ሐዲዱ መሃል ቆሞም ሴቶቹን በዓይኑ ይፈልግ ጀመር። ላይ፣ ጋሪው አጠገብ፣ መዶሻ የያዘው ሰው ያየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዘበኛ ወደ ግቢው ሲገባ። መዶሻውን አነሳና ወደ ሦስት ጣት ተመለከተ።

ሦስት ጣት እጁን ወደ ላይ ወረወረ። አፉ “አቁም!” አለ፤ ሽመና ክፍል ውስጥ ዕድሜውን የጨረሰ ጆሮ ግን ያንን ከየት ይሰማል። ያነሳው እጅ ቀኙ ነበር።

መዶሻው ወረደ።

ጋሪው ታናሹን ደረቱ ላይ አግኝቶ ከበሩ ብረት ጋር አጣበቀው። የጎድን አጥንቱ ሲሰበር ደረቅ እንጨት እግር ሥር እንደሚሰበር ነበር፤ ሦስት ጣት ያንን ሰምቶታል፣ በዚያ በደከመ ጆሮው። በሩ ከነምሰሶው ወደቀ። ዘበኞቹ ተኮሱ። በክፍቱ በኩል ሲወጡ አሥራ አንድ ሠራተኞች ወደቁ፤ የቀሩት ደርሰውባቸው ሁለት ዘበኞችን በድንጋይ ጨረሱ። ሲረጋጋ ጋሪውን ገፉት። የታናሹ እጅ አሁንም ቁልፉን ጨብጦ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ከተማው በኩራት ይናገራል። ማሽኖቹ ሽፋን ተሠራላቸው፣ ክሊኒክ ተከፈተ፣ የሠራተኛ ቤቶች ተገነቡ፣ አስፋልት መጣ። የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ሦስት ጣትን ቢሮ ጠርቶ በር ዘጋ።

“ልቀቅ አላልኩም” አለው ሦስት ጣት። “አቁም ነው ያልኩት።”

“ዝም በል” አለ ሊቀ መንበሩ። “ወጥተህ እንዲህ ብትል አሥራ አንዱ ሰው በስህተት ሞተ ማለት ነው። ለእናቶቻቸው ያንን ማን ይነግራቸዋል? አንተ ትነግራቸዋለህ?”

ሦስት ጣት ወጥቶ ማሽኑን አስነሳ። ከሠራተኛ ቤቶቹ አንደኛው ለሱ ተሰጠ፣ ባለ ሁለት ክፍል። በፋብሪካው ግንብ ላይ ሦስት ጣት የተነሳበት እጅ ተሳለ።

የወንድሙ ሚስት ልጇን ከወለደች በኋላ እዚያው ሽመና ክፍል ተቀጠረች፣ የተበጠሰ ክር የምትቀጥል ሆና። ሁሉም ቀጣይዋ ይላታል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከሦስት ጣት ማሽን ሃያ እርምጃ ርቃ ስትሠራ አንድ ቃል፣ አንድ ጣት አላነሳችለትም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በመጀመሪያው ሳምንቷ፣ ሊያነጋግራት ሲጠጋ ክር የተጠቀለለበትን የብረት ቀሰም አንስታ ቅንድቡ ላይ አሳረፈችው። እሱም ደሙን በጨርቅ ይዞ ወደ ማሽኑ ተመለሰ። “ማን መታህ?” ሲሉት “በር” ይላል። እውነቱን እንድታውቅለት የሚፈልገው ሰው በዓለም ላይ እሷ ብቻ ነበረች።

ፋብሪካው አረጀ። ማሽኖቹ ተነቅለው ለቁራጭ ብረት ተሸጡ፣ መጋዘኑ የፕላስቲክ ጫማ ማምረቻ ሆነ፣ ወንዙም እንደ ድሮው የውሃ መልክ ያዘ፣ ዓሣ ግን አልተመለሰበትም። ከተማው ስድሳኛ ዓመቱን ሊያከብር ሲነሳ ታሪኩን በምን እናሳይ ተባለ። በሲሚንቶ እጅ፣ አደባባዩ መሃል፣ ሁለት ሰው ቁመት።

የከተማው ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ግንበኛውን ይዞ ሦስት ጣት ቤት መጣ። እጁን ጀሶ ውስጥ ከተው ሊቀዱት ነው።

“ጋሼ፣ አያንቀጥቅጡት እንጂ” አለ ግንበኛው። “ሲሚንቶው አብሮ ይንቀጠቀጣል።”

“ግራውን ቅዳ።”

“ግራውማ ሙሉ ነው። ሙሉ እጅ ለማየት ሰው አደባባይ ድረስ ምን ያመጣዋል? በየኪሱ አለው።”

ጸሐፊው ሳቀ። ሦስት ጣት አልሳቀም። ጀሶው ደርቆ ሲላቀቅ የእጁን ፀጉር ከነሥሩ ነቀለው።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሁለተኛ ፈረቃ ሰፈር ሄዶ የቀጣይዋን በር አንኳኳ። ከፈተች። ሸብታለች፣ ዓይኗ ግን ያው ነው። የሁለቱም ጆሮ ስለደከመ በእጁ ተናገረ፤ ወደ ልቡ ጠቆመ፣ ግራ እጁን አንስቶ አምስት ጣት ዘረጋ። አቁም ነበር ያልኩት።

 ባሏ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጣቷን አነሳችለት። የተዘረጋውን ግራ እጁን ነካ አደረገችና መዳፏን ገለበጠች። ይህስ? በአፏም አለችው፤ “አቁም የምትለው በዚህ እንደሆነ ክፍሉ ሁሉ ያውቃል። ያን ቀን የት ነበር?”

ለሊቀ መንበሩም፣ ለሌላም ሰው፣ ያንን ነግሮ አያውቅም። ግራ እጁን ወደ ኪሱ መለሰው። በሩን ዘጋችበት።

በክብረ በዓሉ ቀን አደባባዩ በሰው ተሞላ። ድምፅ ማጉያው ይጮሃል፣ ነጋሪት ይመታል። የሲሚንቶው እጅ በሸራ ተሸፍኖ ቆሟል። ሦስት ጣት ሸራውን እንዲገልጥ ገመዱን ሰጡት፣ ሳበ፣ ሰው አጨበጨበ። ግንበኛው ከሥር ጥሎት የሄደው ከባድ መዶሻ ነበር። ሦስት ጣት አነሳው፣ ከመድረኩ ወርዶ ከበስተጀርባ ዞረ፣ በሁለት እጁ ይዞ የሲሚንቶውን አውራ ጣት ከሥሩ መታው። ደግሞ መታው። ገና ያልጠና ሲሚንቶ ነበርና አውራ ጣቱ ተገምሶ መሬት ደረሰ።

ከኋላ የቆሙት ጎረምሶች መድረኩ ላይ ማን እንደነበር አላዩም። ያዩት አንድ ሽማግሌ ሲያፈርስ ነው።

“ሦስት ጣትን ሰበረው!” ብሎ አንዱ ጮኸ።

“ይሄ ውሻ! አያቴ ለሱ ነው የሞተው!”

በቡጢ አፉን መቱት። ወደቀ። በጫማ ጎኑን፣ በጫማ ጀርባውን። አንዱ ከተሰበረው የሲሚንቶ አውራ ጣት ጉማጅ አንስቶ ትከሻው ላይ ለቀቀበት። “እሱ ራሱ ነው! ተዉት!” የሚሉ አሮጌ ድምፆች ከሩቅ ነበሩ፣ ነጋሪቱ ግን አልቆመም። ሦስት ጣት ጥርሱን ከደም ጋር ተፋ። የአባቱን መንጋጋ አሰበ።

ከእግሮቹ መሃል የሴት ጫማ አየ። ቀጣይዋ ሰው እየገፈተረች ገብታ ነበር። አንዱ ጎረምሳ ሊመታ የሰነዘረው እሷን ትከሻዋ ላይ አገኛት፣ ተንገዳገደች፣ አልወደቀችም። ቀኝ እጇን ከራሷ በላይ አነሳችና አምስቱንም ጣት ዘረጋች።

በዙሪያው የነበሩ ሽማግሌ ሸማኔዎች ሁሉ ባሉበት ደረቁ። ምን እንዳዘዛቸው ሳያስቡ እጃቸው የሌለ ማሽን ማቆሚያ ፈለገ። ከዚያ ጎረምሶቹን በኮሌታ በኮሌታ እየያዙ ጎተቷቸው፣ አንዱ የልጅ ልጁን በጥፊ አጠናገረው። ነጋሪቱም ቆመ።

ቀጣይዋ አጠገቡ ተንበረከከች። ጥያቄዋን ጠይቃ ነበር፣ መልሱን ትጠብቃለች።

ሦስት ጣት ግራ እጁን ከአፈሩ ላይ አነሳ። አልዘረጋውም። ጨበጠው፣ ጠበቅ አድርጎ፣ ክብ ነገር እንደያዘ ሰው፣ እንደ ብረት ዘንግ። ዓይኗን እያየም ወደ ደረቱ አስጠጋው።

“ይዤበት ነበር” አለ። “መጣል እችል ነበር። አልጣልኩትም።”

ፊቷ ላይ የሆነ ነገር አለፈ። ያ ቀሰም እንደገና በእጇ ቢኖር ኖሮ እንደምታሳርፍበት ገባው፣ ቅንድቡንም አላሸሸም። እሷ ግን ጡጫውን ያዘች። ዕድሜዋን ሙሉ የተቋጠረ ክር በፈታችበት ጣቷ ትንሿን ጣቱን ከመዳፉ አላቀቀች፣ ቀጥሎ ያለችውን፣ መሃለኛዋን፣ ጠቋሚውን፣ መጨረሻ አውራ ጣቱን። ያማል፣ አንዷ ተሰብራለች፤ እሷም እያወቀች አላቀለለችላትም። እጁ ተዘርግቶ፣ ባዶ ሆኖ በእጇ ላይ ቀረ።

አየችው። አምስት።

“አሁን ጣልከው” አለች። ከዚያም ሻሿን ፈትታ አፉ ላይ ጫነችበት፣ “ያዘው ጋሼ” አለችው፣ “በግራህ ያዘው፣ ደሙ ይቁም።”